የጥንት ቻይናን የነሐስ ሥርዓት ዕቃ ማንበብ፦ ከመጋጠሚያ መስመሩ ወደ ጌጡ

በቤተ መዘክር የመስታወት ሳጥን ውስጥ በተቀመጠ የጥንት ቻይና የነሐስ ዕቃ ፊት የሚቆም ሰው መጀመሪያ የሚያየው ዓይኖችን ነው። ከአረንጓዴው ዝገት ውስጥ ሁለት የፈጠጡ ዓይኖች ይመለከቱታል፤ ቀጥሎ ቀንድ፣ አፍንጫና መንጋጋ ይለያል፤ ከዚያም ወደ መግለጫው ካርድ ዞሮ «ታኦትዬ» የሚለውን ስም ያነብና ወደሚቀጥለው ሳጥን ያልፋል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ያንን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው። በእኔ እምነት እነዚህን ዕቃዎች ለመረዳት መነሻው የአውሬው ስም ሳይሆን የሸክላ ፎርማዎቹ የተጋጠሙበት መስመር ነው። ጌጡ ተሠርቶ ባለቀ ዕቃ ላይ የተጨመረ አይደለምና፤ ቀልጦ ከፈሰሰው ነሐስ ጋር በአንድ ፎርማ ውስጥ አብሮ የተወለደ ነው።

እዚህ የምንመለከታቸው በተለይ የሻንግ ሥርወ መንግሥት (በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ1600 እስከ 1046) እና እሱን የተካው የዦው ሥርወ መንግሥት ዕቃዎች ናቸው። ነገሥታቱና ታላላቅ ቤተሰቦች ለሞቱ አባቶቻቸውና እናቶቻቸው ምግብና መጠጥ የሚያቀርቡት በእነዚህ ዕቃዎች ነበር፤ ባለቤቱ ሲሞትም ብዙዎቹ አብረውት ይቀበሩ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ አንባቢዎች በስሚዝሶንያን ሥር የሚገኘውን ብሔራዊ የእስያ ጥበብ ቤተ መዘክር ያለ ክፍያ ሊጎበኙ ይችላሉ፤ በለንደን የብሪቲሽ ቤተ መዘክር፣ በፓሪስ የሰርኑስኪ ቤተ መዘክር፣ በቻይና ደግሞ የቤጂንጉ ብሔራዊ ቤተ መዘክርና የሻንጋይ ቤተ መዘክር ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ማስታወሻ ደብተር፣ እርሳስና አንድ ነጭ ወረቀት ይያዙ፤ ወረቀቱ ለምን እንደሚያስፈልግ በሦስተኛው ደረጃ ይታያል።

አንደኛ ደረጃ፦ ጌጡን ትተው አገልግሎቱን ይለዩ

ከእግሩ ይጀምሩ። እሳት ላይ የሚጣድ ዕቃ እግር ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሦስት ወይም አራት እግር፣ ጥልቅ ሆድና በአፉ ጠርዝ ላይ የቆሙ ሁለት ጆሮዎች ካሉት ሥጋ የሚቀቀልበት ወይም የሚቀርብበት «ዲንግ» ነው። እግሮቹ ጠጣር ሳይሆኑ ከሆዱ ጋር የተያያዙ ባዶ ከረጢቶች ከመሰሉ «ሊ» ይባላል፤ በሊው ላይ ሥሩ የተበሳሳ ሌላ ዕቃ ከተደረበበት ደግሞ እህል በእንፋሎት የሚበስልበት «ያን» ነው። እግር የሌለው፣ በቀለበት መሰል መቀመጫ ላይ የቆመና ብዙ ጊዜ ሁለት እጀታ ያለው ጎድጓዳ ዕቃ የበሰለ እህል የሚቀርብበት «ጉዌይ» ነው።

የመጠጥ ዕቃዎቹ የበለጠ ብዙ ዓይነት አላቸው፤ ሻንጎች ከእህል የሚጠመቅ መጠጥን በሥርዓታቸው ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ ይሰጡት ነበርና። «ጁዌ» በሦስት ቀጫጭን እግሮች የቆመ፣ በአንድ በኩል ረጅም መቅጃ፣ በሌላው በኩል ሹል ጅራት፣ በአፉ ላይ ደግሞ ሁለት አጫጭር ምሰሶዎች ያሉት ትንሽ ዕቃ ነው። «ጉ» ወገቡ የቀጠነ፣ አፉ እንደ መለከት የተከፈተ ረጅም ዋንጫ ነው። «ዙን» ሰፊ አፍ ያለው የመጠጥ ማስቀመጫ ነው፤ «ዮው» ክዳንና ማንጠልጠያ አለው፤ «ሁ» አንገቱ የረዘመ እንስራ መሰል ነው። «ፓን» የሚባለው ዝርግ ሳህን ለእጅ መታጠቢያ ያገለግል ነበር። ከእነዚህ ስሞች አንዳንዶቹ፣ ለምሳሌ ዲንግ፣ በዕቃዎቹ ላይ ራሱ ተጽፈው ይገኛሉ፤ እንደ ጁዌና ጉ ያሉትን ግን ለእነዚህ ቅርጾች የመደቡት ከ2,000 ዓመት በኋላ የተነሡ የሶንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ሊቃውንት ናቸው። ስለዚህ ስሙን ይወቁ፤ በደብተርዎ ላይ ግን አስቀድመው ይጻፉ የምለው አገልግሎቱን ነው፦ ማብሰያ፣ ማቅረቢያ፣ መቅጃ፣ ማስቀመጫ ወይም መታጠቢያ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የመጋጠሚያውን መስመር ይፈልጉ

ይህ ደረጃ የመላው ሥራ ቁልፍ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። በኢትዮጵያ የነሐስ መስቀል ሲሠራ የኖረበትን መንገድ የሚያውቅ አንባቢ ባለሙያው ቅርጹን በሰም አበጅቶ በጭቃ እንደሚሸፍነው፣ ጭቃውን ሲያቃጥለው ሰሙ ቀልጦ እንደሚወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠው ነሐስ እንደሚፈስ ያስታውሳል። የሻንግ ባለሙያዎች መንገድ ከዚህ የተለየ ነበር። በመጀመሪያ የዕቃውን ሙሉ አምሳያ በሸክላ ይሠራሉ። ሲደርቅ በዙሪያው እርጥብ ሸክላ ይደፈድፉበትና የአምሳያው ቅርጽ እንዲታተምበት ይጫኑታል፤ ከዚያም ይህን ውጫዊ ሽፋን ከላይ ወደ ታች ቆርጠው በክፍል በክፍል ይላቅቁታል። እነዚህ ክፍሎች ፎርማዎቹ ናቸው። ቀጥሎ አምሳያውን ራሱን ዙሪያውን ይልጉታል ወይም ሌላ ውስጠኛ ሙሌት ያዘጋጃሉ፤ ፎርማዎቹን መልሰው በሙሌቱ ዙሪያ ሲገጥሙ በመካከል የሚቀረው ክፍተት የነሐሱ ውፍረት ይሆናል። ክፍተቱ እንዳይጠብ ወይም እንዳይሰፋ ትናንሽ የነሐስ ቁራጮች በመካከል ይሰካሉ፤ መዳብ፣ ቆርቆሮና እርሳስ ተቀላቅለው ይቀልጡና ይፈስሳሉ፤ ነሐሱ ሲቀዘቅዝ ፎርማው ተሰብሮ ዕቃው ይወጣል።

ሁለት ፎርማዎች የቱንም ያህል ተስተካክለው ቢገጥሙ በመካከላቸው ጥቂት ነሐስ ሾልኮ ቀጭን ቀጥ ያለ ጠርዝ ይተዋል። ባለሙያው ብዙ ጊዜ ይህን ይሞርደዋል፤ ቢሆንም በእግሮቹ ጎን፣ በእጀታው ሥርና ከሆዱ በታች የቀረ ምልክት ይገኛል። ከዕቃው ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን ዘወር ብለው፣ ብርሃኑ ገላውን በሰያፍ የሚመታበትን ማዕዘን መርጠው ይፈልጉ። ሲያገኙት ዕቃውን እየዞሩ ስንት መስመር እንዳለ ይቁጠሩና ይጻፉ፤ ባለሦስት እግር ዕቃ በአብዛኛው በሦስት ይከፈላል፤ ክብ ወይም ባለአራት ማዕዘን ዕቃ በአራት ወይም ከዚያ በላይ ሊከፈል ይችላል። መስመሩ ካልታየ ከአፍ እስከ መቀመጫ ቀጥ ብለው የወረዱትን ክንፍ መሰል ወፍራም ጠርዞች ይመልከቱ። ባለሙያዎቹ መጋጠሚያውን ከመደበቅ ይልቅ ወደ ጌጥ ለውጠውታል፤ ክንፎቹ ብዙ ጊዜ የቆሙት በዚያው መስመር ላይ ነው። በቴክኒኩ የተፈጠረን እንከን ወደ ውበት የቀየረ ይህን ያህል ግልጽ ውሳኔ በሌላ የጥንት ጥበብ ውስጥ ማግኘት አስቸጋሪ ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ጌጡ ራሱ የሚናገረው ነገር ይለወጣል። እያንዳንዱ ፎርማ አንድ የጌጥ ክፍል ይይዛል፤ ስለዚህ ጌጡ እንደ ብራና ሐረግ ሳይቋረጥ እየተጠላለፈ አይሄድም፤ በመስመሮቹ መካከል ባለው ቦታ ውስጥ ይጀምራል፣ በዚያው ይጠናቀቃል፣ በሚቀጥለው ክፍል እንደገና ይጀምራል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ፊቱን በግማሽ ይክፈሉት

አሁን ወደ ዓይኖቹ ይመለሱ። በአንድ ክፍል መካከል የአፍንጫውን መስመር ያግኙና ከመስታወቱ በዚህኛው ወገን ወረቀቱን ከፍ አድርገው የፊቱን ግራ ጎን ይሸፍኑ። በቀኝ የቀረው ግማሽ ፊት ሳይሆን ሙሉ እንስሳ ሆኖ ሊታይ ይችላል፦ ራሱን ወደ አፍንጫው መስመር ያዞረ፣ አንድ ዓይን፣ የተከፈተ መንጋጋ፣ አንድ እግርና ወደ ላይ የተጠቀለለ ጅራት ያለው በጎኑ የቆመ ዘንዶ። አጥኚዎች እንዲህ ያለውን በጎኑ የሚታይ ዘንዶ «ኩዊ» ይሉታል። ወረቀቱን ሲያነሡ ሁለቱ ዘንዶዎች ተፋጠው አንድ የፊት ለፊት ገጽ ይሠራሉ። ይህ ድርብ ንባብ በሁሉም ዕቃ ላይ እኩል ግልጽ አይደለም፤ በሚታይበት ቦታ ግን ሁለቱን አስተያየቶች ሳይጥሉ አብረው መያዝ ይገባል።

ዝርዝሮቹን በቅደም ተከተል ይመዝግቡ፤ ከዓይኑ በላይ ያለው ቀንድ የበሬ ነው፣ የበግ ጥምዝ ነው ወይስ ከየትኛውም እንስሳ ጋር የማይገጥም? ቅንድብና ጆሮ አለ? የታችኛው መንጋጋ ብዙ ጊዜ ስለሌለ አፉ ወደ ታች እንደተከፈተ ይቀራል። አካሉ ከፊቱ ግራና ቀኝ ተዘርግቷል ወይስ ተበታትኖ ዓይን፣ ቀንድና መንጋጋ ብቻ በየቦታቸው ተንሳፍፈው ቀርተዋል?

ስለ ትርጉሙ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። «ታኦትዬ» የሚለው ስም የመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ከተጻፈና በዦው ዲንጎች ላይ ራስ እንጂ አካል የሌለው ሆዳም ፍጡር አለ ከሚል ጽሑፍ ነው፤ ያ ጽሑፍ ደግሞ ከሻንግ ውድቀት 800 ዓመት ያህል ዘግይቶ የተጻፈ ነው። ሻንጎች ራሳቸው ይህን ፊት ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር የሚገልጽ አንድም ጽሑፍ አልተገኘም። አንዳንድ አጥኚዎች እንስሳቱ በሕያዋንና በሙታን መካከል መልእክት የሚያደርሱ ረዳቶች ነበሩ ይላሉ፤ ሌሎች ጌጡ ከጌጥነት በቀር የተወሰነ ትርጉም እንዳልነበረው ይከራከራሉ። ዛሬ ብዙ የቻይና አርኪዮሎጂስቶች «የእንስሳ ፊት ንድፍ» የሚለውን ገለልተኛ ስም ይመርጣሉ፤ በደብተርዎም ይህን እንዲጠቀሙ እመክራለሁ፤ የሚታየውን ይናገራል፣ የማይታየውን አይጨምርም።

አራተኛ ደረጃ፦ መደቡንና እርከኖቹን ይለዩ

ወደ ፊቱ ቀርበው በቀንድና በመንጋጋ መካከል ያለውን ቦታ ይመልከቱ። ባዶ አይደለም፤ ጥቃቅን፣ ማዕዘን ያላቸው ጥምዝ መስመሮች ሞልተውታል። ይህ «ሌይዌን» ወይም የነጐድጓድ ንድፍ የሚባለው ነው፤ ስሙ የተወሰደው የነጐድጓድን ጥንታዊ ፊደል ስለሚመስል ነው፤ ስለዚህ ከስሙ ተነሥተው ስለ ዝናብና መብረቅ ትርጉም እንዳይፈጥሩ። ቀጥሎ ዕቃውን ከላይ ወደ ታች በአግድም ይከፋፍሉት፤ በአንገቱ ላይ ጠባብ መቀነት ውስጥ የተሰለፉ ዘንዶዎች ወይም ወፎች፣ በሆዱ ላይ ትልቁ ፊት፣ በመቀመጫው ዙሪያ እንደገና ጠባብ መቀነት ማየት የተለመደ ነው። ወደ ላይ ወይም ወደ ታች በሾሉ ሦስት ማዕዘኖች ውስጥ ክንፎቿን የሰበሰበች ሲካዳ የምትባለዋ ነፍሳት ትገኝ ይሆናል።

አምስተኛ ደረጃ፦ ዘመኑን ከጌጡ አሠራር ይገምቱ

የጥበብ ታሪክ ምሁሩ ማክስ ሎር እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተመው ጥናት የሻንግን ጌጥ በአምስት ተከታታይ ዘይቤዎች ከፈለው። በጊዜው ተቆፍረው የወጡበት ቦታ በትክክል የሚታወቅ ዕቃዎች ጥቂት ስለነበሩ የተመራው በጌጡ ውስጣዊ አመክንዮ ነበር፤ አምስቱንም በመጨረሻው የሻንግ ዋና ከተማ በአንያንግ ዘመን ውስጥ አስቀምጧቸው ነበር። ከዚያ በዠንግዡ ከተማ የተካሄዱት ቁፋሮዎች የመጀመሪያዎቹ ዘይቤዎች ከአንያንግ ቀድመው እንደነበሩ ቢያሳዩም ቅደም ተከተሉ ግን ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። ከአሠራሩ ተነሥቶ የዘመን ቅደም ተከተልን መተንበይ እንደሚቻል ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ቅደም ተከተሉን ለመጠቀም አንድ ሕግ ይያዙ፤ ፎርማው ላይ የተጫረ መስመር በነሐሱ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል፤ አምሳያው ላይ የተጫረው ግን በነሐሱም ላይ ሰርጉዶ ይቀራል። በመጀመሪያው ዘይቤ ጌጡ እንደ ክር የቀጠኑ ከፍ ያሉ መስመሮች ነው። በሁለተኛው ሰፋፊ ጠፍጣፋ ጥብጣቦች ይመጣሉ፤ ፊቱም ይከብዳል። በሦስተኛው ጥብጣቦቹ በርክተውና ተጠማዘው መላውን ገላ ስለሚሸፍኑ ከዓይኖቹ በስተቀር እንስሳውን ከመደቡ መለየት ያስቸግራል። በአራተኛው ለመጀመሪያ ጊዜ እንስሳውና የነጐድጓድ ንድፉ ይለያያሉ፤ ሆኖም ሁለቱም በእኩል ከፍታ ላይ ናቸው። በአምስተኛው እንስሳው ከመደቡ በላይ ተነሥቶ ይወጣል፤ በእጅ ቢዳሰስ ቅንድቡና ቀንዱ በጣት ይሰማሉ። ኤርሊቶ ከሚባለው የቁፋሮ ስፍራ የተገኙት፣ ከሻንግ በፊት ወይም በመባቻው ላይ የተሠሩት ጁዌዎች ደግሞ ቀጫጭንና ጌጥ የለሽ ወይም በጥቂት ነጥቦችና መስመሮች ብቻ ያጌጡ ስለሆኑ ከዚህ መሰላል በታች ይቀመጣሉ።

ዘይቤዎቹ ግን እንደ ቀን መቁጠሪያ አይተካኩም። ለዚህ ምስክሩ እ.ኤ.አ. በ1976 በአንያንግ ሳይዘረፍ የተገኘው የፉ ሃኦ መቃብር ነው። ፉ ሃኦ የንጉሥ ዉ ዲንግ ባለቤት ነበረች፤ በዘመኑ የትንቢት አጥንቶች (የትንቢት ጥያቄዎች በሚጻፉባቸው አጥንቶች) ላይ ሠራዊት እንደመራች ተጽፏል። በመቃብሯ ውስጥ 468 የነሐስ ዕቃዎች ተገኝተዋል፤ ከእነዚህም ከ200 በላይ የሚሆኑት የሥርዓት ዕቃዎች ናቸው፤ በጉጉት አምሳል የተሠሩ ሁለት ዙኖችም አሉባቸው። አራተኛውና አምስተኛው ዘይቤ እዚያ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። ስለዚህ በደብተርዎ ላይ «ከዚህ ዘመን ወዲህ» ብለው ይጻፉ እንጂ የተወሰነ ዓመት አይጻፉ።

የዚያ ዘመን ባለሙያዎች ምን ያህል አቅም እንደነበራቸው ለመገመት እ.ኤ.አ. በ1939 በአንያንግ የተገኘውንና ዛሬ በቤጂንጉ ብሔራዊ ቤተ መዘክር የሚታየውን ሆውሙዉ ዲንግ ያስቡ፤ ቁመቱ 133 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ832 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ያን ያህል ነሐስ በአንድ ጊዜ ለማፍሰስ ብዙ ማቅለጫዎችና በአንድ ትእዛዝ የሚንቀሳቀሱ ብዙ እጆች ያስፈልጉ ነበር። ሆኖም የሆዱ መካከል ባዶ ነው፤ ፊቶቹና ዘንዶዎቹ በጠርዞቹ ላይ ብቻ ዞረውታል።

ስድስተኛ ደረጃ፦ የዦውን ለውጥ ይከታተሉ

ዦዎች ሻንግን ድል አድርገው ሲተኩ መጀመሪያ የሻንግን የእጅ ሥራ ቀጠሉ፤ ነገር ግን ጉዌይን ከሥሩ በአራት ማዕዘን መቆሚያ ላይ ማስቀመጥ የእነሱ ምልክት ሆነ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ፊቱ እያነሰ ሲሄድ ረጅም ጉትያቸውና ጅራታቸው ወደ ኋላ የሚፈስ ትልልቅ ወፎች ቦታውን ያዙ። ከዚያም በ9ኛው ክፍለ ዘመን ጥልቅ ለውጥ ይታያል፤ ጁዌና ጉ ጨርሰው ይጠፋሉ፤ የምግብ ዕቃዎች በቁጥር በተወሰነ ስብስብ መሠራት ይጀምራሉ። የኋላ ጽሑፎች እንደሚሉት ለንጉሥ 9 ዲንግ ከ8 ጉዌይ ጋር፣ ከእሱ በታች ላሉት በየደረጃቸው 7 ከ6፣ 5 ከ4፣ 3 ከ2 ጋር ይፈቀድ ነበር። ጌጡም ትልልቅ ማዕበሎች፣ የዓሣ ቅርፊት የመሰሉ ረድፎችና አግድም ቦዮች ሆነ። በሻንጋይ ቤተ መዘክር ያለው ዳ ከ ዲንግ በሆዱ ዙሪያ ሰፊ የማዕበል መቀነት አለው። ማዕበሉ እንደ ፊቱ በመካከል አይቆምም፤ ዕቃውን ዞሮ ይጓዛል፤ ዓይንም ከቅርብ ፍተሻ ይልቅ ከሩቅ የሚታይ ሰልፍን ይከተላል። ሥርዓቱ በጥቂት ሰዎች ፊት የሚፈጸም ከመሆን ወደ ብዙ ተመልካች ፊት ወጥቷል የሚሉ አጥኚዎች ከሚያነሧቸው ማስረጃዎች አንዱ ይኸው ነው፤ እኔንም ያሳምነኛል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ውስጡን ይመልከቱ

ጽሑፉ አብዛኛውን ጊዜ በዕቃው ውስጠኛ ግድግዳ፣ በወለሉ ወይም በክዳኑ ውስጥ ነው፤ ቤተ መዘክሮች ግልባጩን ከጎኑ ያስቀምጡታል። በሻንግ ዕቃዎች ላይ አብዛኛውን ጊዜ የቤተሰብ ምልክትና ዕቃው የተሠራለት አባት ወይም እናት ስም ብቻ ይገኛል፤ በዦው ዘመን ግን ረጅም ታሪክ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የተገኘው ሊ ጉዌይ ዦዎች ሻንግን ያሸነፉበትን ማለዳ ይናገራል፤ በ1963 በባኦጂ የተገኘው ሄ ዙን በ122 ፊደሎቹ መካከል «ዦንግጉዎ» የሚለውን፣ ዛሬ የሀገሪቱ ስም የሆነውን ቃል፣ እስካሁን ከታወቁት ሁሉ ቀድሞ ይዟል፤ የሺ ቺያንግ ፓን ደግሞ በ284 ፊደላት የዦው ነገሥታትንና የባለቤቱን ቤተሰብ ትውልድ ጎን ለጎን ይተርካል። ብዙዎቹ የሚዘጉት የልጅ ልጆች ለዘላለም እንደ ውድ ሀብት ጠብቀው እንዲጠቀሙበት በሚል ምኞት ነው። ጽሑፉ ከዕቃው ጋር ከተፈሰሰ የፊደሎቹ ጠርዝ ለስላሳና ጥልቀታቸው የተመጣጠነ ይሆናል፤ በኋላ በመሣሪያ የተቆረጠ ከሆነ ጠርዙ ስለታማ ሆኖ ዝገቱን ይሰነጥቃል።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቀለሙን በሐሳብ ይመልሱ፣ ሐሰተኛውን ይጠርጥሩ

አረንጓዴውና ሰማያዊው ቀለም በመሬት ውስጥ የተፈጠረ ነው። ዕቃው ከፎርማው ሲወጣ ወርቅ የመሰለ ብሩህ ቢጫ ነበር፤ በአንዳንዶቹ ላይ የጌጡ ጎድጓዳ መስመሮች በጥቁር ነገር ተሞልተው ፊቱ ከብርሃኑ ተለይቶ ይታይ ነበር። ከሶንግ ዘመን ጀምሮ ጥንታዊ ቅርጾችን አክብሮ መቅዳት ስለተለመደ፣ በኋላም ለገበያ የተሠሩ ማስመሰያዎች ስለበዙ፣ አንድ ዕቃ ሲያጠራጥር ወደ ሁለተኛው ደረጃ ይመለሱ። መጋጠሚያ የሌለው፣ ወይም የጌጡ ክፍል የሚያልቅበት ቦታ ከመጋጠሚያው ጋር የማይገናኝ የሻንግ ዕቃ ጥንቃቄ ይሻል። በሰም የማፍሰስ ዘዴ በቻይና በደንብ የሚታየው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነውና። ዕቃ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ካለ ከየት ጉድጓድና በምን ሕጋዊ መንገድ እንደወጣ ካልተመዘገበ አይግዛ፤ ተሰርቆ ከመቃብር የወጣ ዕቃ አብሮት የነበረውን ሁሉ አጥቷልና።

ዘጠነኛ ደረጃ፦ አንዱን ክፍል ብቻ ይሣሉ

መላውን ዕቃ ለመሣል አይሞክሩ። ያንኑ ወረቀት ለሁለት አጥፈው እጥፋቱን የአፍንጫው መስመር ያድርጉት፤ በአንዱ ገጽ ላይ ከአፍንጫው እስከሚቀጥለው መጋጠሚያ ያለውን ብቻ ይሣሉ፤ መጀመሪያ ዓይኑን፣ ከዚያ ቀንዱን፣ መንጋጋውን፣ ጅራቱን፣ በመጨረሻም የነጐድጓድ ንድፉን። ከዚያ ወረቀቱን መስኮት ላይ አድርገው ግማሹን በሌላው ገጽ ላይ ገልብጠው ይቅዱትና ይዘርጉት። የት ላይ ሁለቱ ጎኖች ከዕቃው ጋር እንደማይመሳሰሉ ተመልሰው ያመሳክሩ፤ አንዱ ዓይን በጥቂቱ ከፍ ያለ ወይም አንዱ ጥምዝ አንድ ዙር የጎደለው ሊሆን ይችላል። እዚያ ቦታ ላይ እርሳስዎ የሚከተለው ከ3,000 ዓመት በፊት በእርጥብ ሸክላ ላይ የሠራ አንድ ሰው የእጁን መንገድ ነው።